ዕድል የሚባለው መጋረጃ፤ ዐዋቂ ከወዳጆቹ ጋር ስለሚጫወተው ፖከር

ወጣት አንባቢ ሆይ! ስለ ቁማር የተጻፈ ምክር ስታይ ገና ርእሱን እንዳነበብህ ቀጥሎ የሚመጣውን የምታውቀው ይመስልሃል። «ቁማር ቤት ያፈርሳል፤ ቁማር ትዳር ይበትናል፤ ከቁማር ራቅ» የሚለውን ቃል ከአባትህም ከጎረቤትህም ደጋግመህ ሰምተኸዋል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በባዶው ተነግሮ ያዳነው ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱን የማይገልጽ ተግሣጽ ሰሚውን ያስፈራዋል እንጂ አያስተምረውም፤ ፍርሃቱም አንድ ቅዳሜ ማታ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ሃያ ዶላር ያተረፈ ዕለት ይጠፋል። ስለዚህ እኔ ዛሬ የምጽፍልህ በሌላ መንገድ ነው። አስቀድሜ የጨዋታውን ሒሳብ ሳልደብቅ እነግርሃለሁ፤ ከዚያም ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው በማያውቁት ወዳጆቹ መካከል ተቀምጦ የሚሠራውን ሥራ በስሙ እጠራዋለሁ።

ክርክሬ ከትልልቆቹ የቁማር ቤቶች ጋር አይደለም። የላስ ቬጋስ የቁማር ቤት በበሩ ላይ መብራት አብርቶ፥ ሕግ አቁሞ፥ ከገባው ሰው ትርፍ ለማግኘት መቆሙን ሳይሸሽግ የሚኖር ንግድ ነው፤ የገባ ሰው የገባበትን ያውቃል። ክርክሬ ከዚያ ይልቅ ጸጥ ካለው ጋር ነው። ይኸውም በወዳጅ ቤት፥ ራት ከተበላ በኋላ፥ ሳህኑ ተነሥቶ ካርታው በተዘረጋበት ጠረጴዛ ዙሪያ፥ ከስድስቱ ወይም ከሰባቱ ሰዎች አንዱ ብቻ ሒሳቡን ዐውቆ ሌሎቹ ለሳቅና ለጨዋታ ብለው የተቀመጡ ጊዜ የሚደረገው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። ፖከር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ አገር፥ በኒው ኦርሊንስና በሚሲሲፒ ወንዝ መርከቦች የተስፋፋ የካርታ ጨዋታ ነው። ዛሬ በየቤቱ ይበልጥ የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን ዓይነት ነው፤ የቴክሳስ ግዛት ምክር ቤትም በ2007 ዓመት የዚህ ጨዋታ መወለጃ ሮብስታውን የምትባለው ትንሽ ከተማ መሆኗን በውሳኔ ተቀብሏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አሠራሩ እንዲህ ነው። ለያንዳንዱ ተጫዋች ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት በስውር ይታደላል። ከዚያ በኋላ ለሁሉ በግልጽ የሚታዩ አምስት ካርታዎች በመካከል ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስቱ ባንድነት፥ ቀጥሎ አራተኛው፥ በመጨረሻም አምስተኛው። በየደረጃው ተጫዋቹ ወይ ገንዘብ ይጨምራል፥ ወይ ሌላው ያስያዘውን ያህል ከፍሎ ይከተላል፥ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ሌሎቹ ሁሉ ከጣሉ የቀረው አንዱ ካርታውን ሳይገልጥ የተከመረውን ገንዘብ ይወስዳል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች እስከ መጨረሻው ከቀሩ ግን ካርታቸውን ይገልጣሉ፤ ከሰባቱ አምስቱን መርጦ የበለጠውን የያዘ ይወስዳል።

እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ የትኛው ነው? ብዙ ሰው የመጨረሻው፥ ገንዘቡ የተከመረበት፥ ልብ የሚመታበት ውሳኔ ይመስለዋል። አይደለም። የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው፤ በእጅ የደረሱትን ሁለት ካርታዎች ይዞ መግባት ወይስ ጥሎ መቀመጥ? የማያውቅና የሚያውቅ የሚለያዩት ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ በር ላይ ነው።

ሒሳቡን አስተውል። ከ52 ካርታ ሁለቱ የሚወጡበት መንገድ 1,326 ነው፤ ተመሳሳዩ ከተመሳሳዩ ጋር ሲጠቃለል 169 ዓይነት ይሆናል። ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሁለት አስ ነው፤ የሚገኘውም ከ221 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። በቤት ጨዋታ፥ ወሬውና ሳቁ ሳይቀነስ፥ በሰዓት ሃያ ጊዜ ያህል ቢታደል፥ ሁለት አስ ለአንድ ሰው የሚደርሰው በአማካይ በአሥራ አንድ ሰዓት አንድ ጊዜ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ማናቸውም ጥንድ ቢሆን ከ17 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ጥንድ ያልያዘ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የመካከል ካርታዎች ለራሱ ጥንድ የሚያገኘው ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ ሁለቱን ጊዜ ባዶውን ይቀራል። «ሁለቱም ምልክታቸው አንድ ነው» ብሎ ፊቱ የሚበራውም ሰው፥ አምስቱ ካርታዎች ሁሉ ከወጡ በኋላ እንኳ ሁለቱን ካርታዎቹን ይዞ አምስት ባለ አንድ ምልክት የሚሞላለት ከ16 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው። አስና ሰባት የያዘ ወዳጅህ «አስ አለኝ» ብሎ ይከተላል፤ አስና ንጉሥ የያዘ ግን እንዲህ ካለው ሰው ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ይበልጠዋል፤ በመካከል አስ የወጣ እንደ ሆነ ሁለቱም ጥንድ አስ ይይዛሉና የሚፈርደው የቀረው ካርታ ነው። ያ ሰው አስ ባይወጣለት ይሻለው ነበር፤ የወጣለት ዕለት ብዙ ይከፍላልና።

በደካማ ተጫዋቾች ላይ የሚሠራው ዘዴ ከዚህ ይቀጥላል። ደካማ ተጫዋች ካርታ መጣል አይወድም፤ የመጣው ለመጫወት ነው እንጂ እጁን አጣጥፎ ለመቀመጥ አይደለምና። ስለዚህ እርሱን በባዶ እጅ አስፈራርቶ ለማስጣል መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የሚፈራውን የማያውቅ ሰው አይፈራም። ይልቅስ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ መታገሥ፥ ሲመጣም ከመጀመሪያው ብዙ ገንዘብ ማስያዝ ነው፤ እርሱ ይከተላል፥ ይከፍላልም። ሁለት አስ የያዘ ሰው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ቢጋጠም ከመቶ 85 ጊዜ ያህል ያሸንፋል፤ አራት ሰው ከተከተለው ወደ 56 ይወርዳል፤ ስምንት ከተከተለው ወደ 35 ይወርዳል። ከፍ አድርጎ ማስያዝ ተከታዩን ያሳንሳል፥ የሚከተለውንም ብዙ ያስከፍላል። ትንንሽ ጥንድ የያዘ ደግሞ በርካሽ ይገባል፤ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ጊዜ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ሦስተኛው ይገጥምለታል፤ ያን ጊዜ ወዳጆቹ ምንም ሳይጠረጥሩ ያላቸውን ሁሉ ያስረክቡታል። በመጨረሻ ተራው የሚደርሰው ሰው የሌሎቹን አድራጎት አይቶ ይወስናልና በዚያ ተራ ከሌላው ጊዜ ሰፋ አድርጎ ይጫወታል፤ በመጀመሪያ ተራ ግን ያጠብቃል። በጠቅላላው ጠንቃቃው ሰው ከአምስት ጊዜ አራቱን ያህል ይጥላል፤ ወዳጆቹ ግን ከሁለት ጊዜ አንዱን፥ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይጫወታሉ።

ይኸው ነው። ምስጢሩ ሲጨመቅ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ በጥቂት ሳምንት ይጠናል፤ ልዩ አእምሮም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። አሁን የምጠይቅህ ይህ ነው፤ ይህን ያህል ቀላል የሆነ ነገር ለምንድር ነው ወዳጆችህ በዓመትና በሁለት ዓመት ሽንፈት ያልተማሩት?

መልሱ ዕድል የሚባለው መጋረጃ ነው። ገበጣ ስትጫወት ጠጠሩ ሁሉ በዓይን ይታያል፤ የተሸነፈ ሰው ባላጋራው አርቆ እንዳሰበ ያውቃል። ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው፤ ከሚበልጥህ ሰው ጋር አሥር ጊዜ ብትገጥም አሥር ጊዜ ትሸነፋለህ፤ በሁለተኛው ቀን ትምህርት ትጠይቃለህ፥ ወይም ሌላ ባላጋራ ትፈልጋለህ። ፖከር ግን እንዲህ አይደለም። ከካርታ ሁሉ የከፋ የሚባለው፥ ምልክታቸው የተለያየ ሰባትና ሁለት እንኳ ሁለት አስን ከስምንት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ያሸንፋል። ደካማው ያንን አንዱን ጊዜ ለወር ሲያወራው ይከርማል፤ ሰባቱን ጊዜ ግን «ዕድሌ ጠመመ» ብሎ ይረሳዋል። ያጣው በዕድል ከሆነ የሚያስመልሰውም በዕድል ነውና በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። ዕድል የዐዋቂውን እጅ የሚሸፍን መጋረጃ ነው የምለው ስለዚህ ነው፤ ተበዳዩ እጁን አያይምና በዳዩን አይጠረጥርም፤ እንዲያውም ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ይሄዳል።

ይህን መጋረጃ የሚያወፍሩ ታሪኮችም አሉ። ዶይል ብራንሰን የተባለው ዝነኛ ተጫዋች በላስ ቬጋስ የሚደረገውን የዓለም የፖከር ውድድር በ1976 እና በ1977 ያሸነፈ ጊዜ በሁለቱም ዓመት በመጨረሻው እጅ የያዘው አሥርና ሁለት ነበር፤ እስከ ዛሬ ያ ካርታ በእርሱ ስም ይጠራል። ደካማው ይህን ሰምቶ «በማናቸውም ካርታ ይበላል» ይላል፤ ሰውየው ከዘመኑ ተጫዋቾች እጅግ ከሚያውቁት አንዱ መሆኑን ግን አይሰማም። በ2003 ደግሞ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ ከመቶ ዶላር ባነሰ ክፍያ በማጣሪያ ገብቶ፥ 839 ሰዎች የተሰለፉበትን ያንኑ ውድድር አሸነፈና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት የተሰለፉት 2,576 ሆኑ፤ በ2006 ደግሞ 8,773 ደረሱ። እያንዳንዱ «እኔስ ከእርሱ በምን አንሳለሁ?» ብሎ መጣ። አንድ ሰው ሲያገኝ ሁሉ ያያል፤ ብዙ ሺህ ሰው ሲያጣ ግን የሚያይ የለም።

አሁን ወደ ሥራው ግብር እንምጣ። የአሜሪካ ቁማርተኞች ደካማውን ተጫዋች «ዓሣ» ይሉታል። በመካከላቸው የሚዞር ምክርም አለ፤ ዓሣው በሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ ላይ አታንኳኳ የሚል ነው። ትርጓሜው ግልጽ ነው፤ ደካማው ሲሳሳት አታርመው፤ በመጥፎ ካርታ ሲበላህ አትገሥጸው፤ «ጎበዝ፥ ጥሩ ተጫወትህ» በለው፤ ደስ ብሎት ይቈይ፤ ብርጭቆው አይጕደል፤ ከገንዳው እንዳይወጣ። አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ምክር ከቁማር ቤት አውጥተህ በወዳጅህ ቤት አኑረውና ተመልከተው። ሳቅህ ማጥመጃ ሆነ፤ ምስጋናህ ማጥመጃ ሆነ፤ የምትቀዳለት መጠጥ ማጥመጃ ሆነ። ከውጭ ለሚያይህ ወዳጅ ነህ፤ በልብህ ግን ዓሣ አጥማጅ ነህ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አንተ ግን አጥሩን ሳትነቀንቅ፥ ባለቤቱ ራሱ በሩን ከፍቶልህ ገብተህ ናቅኸው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ አድርጌዋለሁና ነው። በአሜሪካ አገር በምኖርበት ከተማ በዕድሜ አሥር ዓመት የሚበልጡኝ፥ ታክሲ ነጂ የሆኑ፥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ማታ ቤታቸው ክፍት ነበር፤ ዶሮ ወጥ ይሠራል፥ ቡና ይፈላል፥ ከዚያም ካርታ ይወጣል። ለብዙ ጊዜ ሁላችንም እኩል አላዋቂዎች ስለ ነበርን ገንዘቡ ከዚህ ኪስ ወደዚያ ኪስ ይዞር ነበር እንጂ ማንም አልተጐዳበትም። እኔ ግን ክረምቱን መጽሐፍ ገዝቼ ከላይ የነገርሁህን ሒሳብ አጠናሁ። መጽሐፉ እንደ መከረኝም ትርፌንና ኪሳራዬን የምመዘግብበት ትንሽ ደብተር ያዝሁ። በሰባት ወር ውስጥ ከጋሼ ብቻ የወሰድሁት ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። ደብተሩ ላይ በስማቸው ትይዩ ስጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ሳልደብቅ መናገር ይገባኛል።

አንድ ቅዳሜ፥ ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፥ እኔ አስና ንጉሥ ያዝሁ፤ እርሳቸው አስና ሰባት ያዙ። በመካከል አስ ወጣ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ የያዙትንም ከፊታቸው ዐውቄ ነበር። ያላቸውን ሁሉ፥ 380 ዶላር፥ ወደ መካከል ገፉት። ካርታው ሲገለጥ ሳቁና «ዛሬስ ዕድሌ ፊቱን አዞረብኝ፤ ለእናቴ ለበዓል የምልከውን ነበር እኮ የያዝሁት፤ ይሁን፥ በሚቀጥለው ቅዳሜ አስመልሳለሁ» አሉ። እኔ የዕድል ነገር እንዳልሆነ ዐውቅ ነበር፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደማያስመልሱ ዐውቅ ነበር። ገንዘቡን ሰብስቤ ዝም አልሁ። ያን ጊዜ የተናገርሁት አንድ ቃል ቢኖር «አይዞዎት፥ ያጋጥማል» የሚል ነበር። የዚያን ምሽት ከበደሌ ሁሉ የከፋው ይህ ቃል ነው፤ ገንዘቡን የወሰድሁት በጨዋታው ሕግ ነው፤ ቃሉ ግን ሐሰት ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ደብተሩንና ገንዘቡን ይዤ ሄድሁ። ሒሳቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኋቸው። በጸጥታ ሰሙኝና «ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው ዶሮዬን ስትበላ የከረምኸው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ገንዘቡን አልቀበልም አሉ፤ «የተበላ ቁማር አይመለስም፤ እኔ ያጣሁት ግን ቁማሩን አይደለም» አሉ። እስከ ዛሬ ሰላምታ አላጓደሉብኝም፤ ልጄ ሲታመምም መጥተው ጠይቀውኛል። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ስልኬ አይጮኽም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠውን መልስ ዐውቃለሁ፤ እኔም ለራሴ ስሰጠው ቈይቻለሁና አንድ በአንድ ልመልስ።

አንደኛው «ማንም አልተገደደም፥ በፈቃዱ ተቀመጠ» የሚል ነው። ፈቃድ የሚባለው ግን የሚፈቅዱትን ነገር ማወቅ ነው። ሚዛኑ መዝመሙን ሳያውቅ እህል የገዛ ሰውም በፈቃዱ ነው የገዛው፤ ዳኛ ግን ነጋዴውን በዚህ አይለቀውም። ጋሼ የፈቀዱት በእኩሎች መካከል ዕድላቸውን ለመሞከር ነው፤ በየሳምንቱ ለእኔ ግብር ለመክፈል አልፈቀዱም።

ሁለተኛው «ዕውቀት ዋጋ አለው፤ ደክሜ ተምሬያለሁ» የሚል ነው። እውነት ነው፥ ዕውቀት ዋጋ አለው። ሐኪም በዕውቀቱ ይከፈለዋል፤ ነገር ግን በሽተኛው ሐኪም መሆኑን ዐውቆ፥ የሚጠቀምበትን አገልግሎት ተቀብሎ ይከፍለዋል። ዕውቀቱ እንዳይታወቅበት እየተሸሸገ፥ ከማያውቀው ወዳጁ ጉዳት የሚበላ ሰው ግን ደመወዝ አገኘ አይባልም። ዕውቀትህ በእውነት የሚያኰራ ከሆነ በጠረጴዛው ላይ ጮኸህ ንገረው፤ ካፈርህበት ለምን እንዳፈርህ ራስህን ጠይቅ።

ሦስተኛው ከሁሉ ብልህ ነው፤ «መደበቅና ማስፈራራት የጨዋታው ሕግ አይደለምን?» ይላል። ነው። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንሽተርን በ1944 ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ በባዶ እጅ አስመስሎ ማስያዝ የፖከር ሒሳብ ራሱ የሚጠይቀው እንጂ የጠባይ ጕድለት ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ነገር ግን ሁለቱን መደበቅ ለይ። ካርታን መደበቅ ሁሉ ያወቀውና ሁሉ የተስማማበት ነው፤ እኔም እደብቃለሁ፥ አንተም ትደብቃለህ። ጨዋታው እኩል አለመሆኑን መደበቅ ግን ማንም ያልተስማማበት ነው። የፊተኛው በጨዋታው ውስጥ ያለ ምስጢር ነው፤ የኋለኛው ስለ ጨዋታው የተነገረ ሐሰት ነው።

አራተኛው «ገንዘቡ ትንሽ ነው» ይላል። በየቅዳሜው ሃያ ዶላር በዓመት 1,040 ዶላር ነው፤ ይህ ለስንት ሰው የወር የቤት ኪራይ ነው? በእውነት ትንሽ ከሆነ ደግሞ ስለ ምን ሰንጠረዥ አውጥተህ፥ ደብተር ይዘህ፥ ሌሊት ስታጠና አደርህ? ለትንሽ ነገር ይህን ያህል መድከም ትንሽነት ነው፤ ለትልቅ ነገር ከሆነ ደግሞ «ትንሽ ነው» አትበል።

ይህ ሒሳብ ከየት እንደ ተወለደ ብታውቅ ይበልጥ ታፍራለህ። ጀሮላሞ ካርዳኖ የተባለው የኢጣልያ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ራሱ ለብዙ ዘመን ቁማር የተጠናወተው ሰው ነበር፤ በ1576 ከሞተ በኋላ በ1663 የታተመው ስለ ዕድል ጨዋታ የጻፈው መጽሐፉ የቁማርን መሠረት በተጫዋቾች ሁኔታ እኩልነት ላይ ያኖራል፤ ሚዛኑን ወደ ራሱ ያዘነበለውንም ፍትሕ ካጐደለ ይቈጥረዋል። በ1654 ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ የተጻጻፉትም ደብዳቤ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኰረ ነበር፤ ጨዋታው ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ ለያንዳንዱ በምን ያህል ቢከፈል ፍትሕ ይሆናል? አየህን? የዕድል ሒሳብ ያደገው «ለወዳጄ የሚገባው ስንት ነው?» በሚለው ጥያቄ ነው። እኛ ግን «ከወዳጄ የሚወሰደው ስንት ነው?» ብለን ገለበጥነው።

ለማያውቀውም ወገን አንድ ቃል አለኝ፤ እርሱንም ያለ ተግሣጽ አልለቀውም። አንተ በየቅዳሜው ተሸንፈህ «ዕድሌ ነው» የምትል ሰው፥ አለማወቅህን እንደ የዋህነት አትቍጠረው። ስንት ወር እንዳሸነፍህና ስንት ወር እንደ ተሸነፍህ በወረቀት ላይ ጽፈህ ታውቃለህን? አልጻፍህም፤ ብትጽፈው የምታየውን ስለምትፈራ ነው። አንድ ሰው በሠላሳ ቅዳሜ ሃያ አምስቱን አትርፎ ከሄደ ዕድል አይደለም፤ ዕድል እንዲህ አንድ ቤት ብቻ አያዘወትርም። ብልህ በሰው ይማራል፥ ሞኝ በራሱ ይባላል፤ በራሱም የማይማረውን ግን ምን እንበለው? ለእናቱ፥ ለሚስቱ፥ ለልጁ የተመደበውን ገንዘብ ወደ መካከል የሚገፋ ሰው የሚያስይዘው የራሱን ብቻ አይደለም። መተው እየፈለገ መተው ላቃተው ደግሞ ምክር ብቻ አይበቃውም፤ የዓለም የጤና ድርጅትም የቁማርን ሱስ በበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታልና ሳያፍር ወደ ሐኪም ይሂድ።

እንግዲህ ከወዳጅ ጋር ካርታ መጫወት ፈጽሞ ይቅር እላለሁን? አልልም። ሰው ከሥራ ውሎ፥ ከወዳጁ ጋር ተቀምጦ፥ ቢስቅ አልቃወምም። ነገር ግን ዐዋቂ የሆንህ እንደ ሆነ አራት ነገር ጠብቅ። መጀመሪያ፥ ማንም ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ጨዋታው ሳይጀመር ይወሰን፤ ለሲኒማ ወጪ አድርጎት ቢሆን የማይቈጨው ያህል ይሁን፤ ካለቀበትም ይነሣ፥ በገበታው ላይ ብድር አይሰጥ። ሁለተኛ፥ የምታውቀውን አስተምር፤ «ጋሼ፥ አስና ሰባት ከሰው ሁሉ በፊት ተራዎ ሲደርስ የሚጣል ካርታ ነው» በል፤ ከዚያ በኋላ ቢያሸንፉህ እውነተኛ ባላጋራ አገኘህ፥ ብታሸንፋቸውም ያለ ኀፍረት አሸነፍህ። ሦስተኛ፥ ወዳጅህ በሰከረበት፥ ባዘነበት ወይም ያጣውን ለማስመለስ በተቻኰለበት ሌሊት ካርታውን ሰብስበህ ቡና አስፈላ፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፥ አንተ ከምሳሮቹ አንዱ አትሁን። አራተኛና ዋናው ይህ ነው፤ በልብህ የምታስበውን ነገር፥ ካርታህን ሳይጨምር፥ በገበታው ላይ ለሁሉ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለመናገር ትችላለህን? ከቻልህ ተጫወት። ካልቻልህ ተነሥ።

ከነዚህ በቀር ሌላ ሕግ አላውቅም። የቁማር ቤት ደንበኛ ቢሸሸው ሌላ ያገኛል፤ አንተ ግን በባዕድ አገር ቅዳሜ ማታ ቤቱን ከፍቶ፥ ዶሮ ሠርቶ፥ ስልክ ደውሎ «ና እንጂ፥ ምን ትጠብቃለህ?» የሚልህን ሰው በምን ሒሳብ ትተካዋለህ? እኔ ደብተሬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አገላብጬ አይቻለሁ። የጋሼን ስልክ ዋጋ የምጽፍበት መስመር አላገኘሁበትም።